ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ጥናት በውሳኔ ልክ ሲቆረጥ

ባለፉት ምዕራፎች የሥነ ምህዳር ባለሙያ፣ ማለትም ሕይወት ያላቸው ነገሮች እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት አፈር፣ ውኃና አየር ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠና ሰው፣ ናሙና እንዴት እንደሚወስድና ከጥቂት ናሙና ተነሥቶ ስለ ሰፊው አካባቢ እንዴት ሊናገር እንደሚችል ተብራርቷል። በአምስተኛው ምዕራፍ በተለይ፣ ከእንጦጦ ተዳፋት የሚነሣው ውኃ በትንሹና በትልቁ አቃቂ አድርጎ አባ ሳሙኤል እስኪደርስ፣ ከዚያም ከአዋሽ እስኪቀላቀል ድረስ ከተማዋ የጣለችውን ሁሉ እንዴት ተሸክሞ እንደሚሄድ ታይቷል። ያ ሁሉ እውቀት ግን በራሱ አንዲት ቦይ እንኳ አያጸዳም። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ባለሙያው ያወቀው ነገር ሥልጣን ያለው ሰው ከሚወስነው ውሳኔ ጋር የሚገናኘው በምን መንገድ ነው የሚል ነው።

መልሱ በአንድ ሐሳብ ላይ ያረፈ ነው። ግኝት ውሳኔን የሚለውጠው ደጋግሞ ስለተነገረ ወይም ብዙ ገጽ ስለተጻፈበት ሳይሆን፣ ተለይቶ የሚታወቅ አንድ ሹም ወይም ምክር ቤት በእጁ ባለው ሥልጣን፣ በጀትና ጊዜ ሊመልሰው ወደሚችል ጥያቄ ሲለወጥ ነው። ለዚህ ማሳያ ይሆን ዘንድ በአብዛኛው መርካቶ የተመረጠችው፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በምትገኘው በዚህች የገበያ ሰፈር አስመጪው፣ ጅምላ ሻጩ፣ ቸርቻሪው፣ ቆራሌውና ቆሻሻ ሰብሳቢው በአንድ መንገድ ላይ ስለሚገናኙ፣ የወረዳው፣ የከተማውና የፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች ሥልጣንም በአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ስለሚደራረብ ነው።

ጎማውና እግሩ

በመርካቶው ምናለሽ ተራ ያረጀና የተጣለ ዕቃ ሁሉ ሌላ ዕድል ያገኛል፤ በርሚሉ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪናው ጎማም በረባሶ ጫማ ይሆናል። በረባሶ የሚሠራው ሙያተኛ ጎማው ስንት ዓመት መንገድ እንደበላ ወይም ላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ለገዢው አይተርክም፤ አስቀድሞ የሚጠይቀው የእግሩን ቁጥር ነው፤ ልኩን ከያዘ በኋላ ጎማውን በስለታም ቢላዋ ቆርጦ ማሰሪያውን በምስማር ይመታበታል። ጎማው ሲቆረጥ ጥንካሬው አይቀንስም፣ ላስቲክነቱም አይለወጥም፤ የተለወጠው ነገር የአንድ ሰው እግር እንዲገባበት መሆኑ ብቻ ነው።

የሥነ ምህዳር ጥናትና የመንግሥት ውሳኔ ግንኙነት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጎማው ጥናቱ ሲሆን፣ የእግሩ ልክ ደግሞ የውሳኔ ሰጪው ሥልጣን ነው። ለምሳሌ አንድ ባለሙያ በመርካቶ የጎርፍ ማስወገጃ ቦዮች ውስጥ የሚጠራቀመውን ነገር ለሁለት ዓመት አጥንቶ፣ የቦዮቹን አፍ የሚዘጋው በአብዛኛው ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ መሆኑን፣ ከጋራዦችና ከብረታ ብረት መሥሪያ ሱቆች የሚወርደው ዘይትም ከጎርፉ ጋር ወደ ትንሹ አቃቂ እንደሚገባ አረጋግጧል ይባል። ይህ ግኝት ሙሉው ጎማ ነው፤ ማንም ሹም እንዳለ ሊጫማው አይችልም።

ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲቆረጥ «ከሰኔ በፊት አስቀድመው መጠረግ ያለባቸው የትኞቹ የቦይ አፎች ናቸው?» የሚል ጥያቄ ይሆናል። ለከተማዋ የጽዳት አስተዳደር ሲቆረጥ «ጅምላ ሻጮች ካርቶንና ላስቲክ ፈትተው በሚጥሉበት ሰዓትና መኪናው በሚመጣበት ሰዓት መካከል ያለው ክፍተት እንዴት ይጥበብ?» ወደሚል ይለወጣል። ለከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ «የትኞቹ ሱቆች ዘይት ማጥለያ ሳይኖራቸው ፈቃድ ሊታደስላቸው አይገባም?» ይሆናል፤ ለፌዴራሉ ሕግ አውጪ ሲደርስም «ምን ዓይነት ፌስታል ከገበያ ይውጣ?» የሚል ይሆናል። ጥናቱ አንድ ሆኖ ሳለ አራት ልክ ወጥቶለታል፤ አራቱም ሹሞች አንድ ዓይነት ወፍራም ጥራዝ ቢላክላቸው ኖሮ ግን እያንዳንዳቸው ጉዳዩ የሌላው ነው ብለው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጣቸው አይቀርም ነበር።

ምሳሌው አንድ ወሰንም ያሳያል። ሙያተኛው ጎማው የማይበቃውን ትልቅ እግር ለማስደሰት ሲል ላስቲኩን ስቦ ቢቸነክረው ጫማው በሳምንቱ ይበጠሳል። ባለሙያውም ጥናቱ ያላረጋገጠውን ነገር ሹሙ ስለፈለገው ብቻ ቢናገር፣ በመጀመሪያው ክርክር ላይ ንግግሩ ይፈርሳል፤ ቀጥሎ የሚያመጣው እውነተኛ ጥናትም ሰሚ ያጣል።

ውሳኔው የማን ነው?

ልክ ለመውሰድ በመጀመሪያ እግሩ የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲነደፉና ሲፈጸሙ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። እነዚህ ሰፊ ድንጋጌዎች ወደ መርካቶ ሱቅ የሚወርዱት ሦስት ደረጃ ባላቸው የሕግ ዓይነቶች በኩል ነው።

የመጀመሪያው አዋጅ ነው፤ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወጥቶ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ማንኛውም ከባድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት እንዲመረመር የሚያስገድደው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከዚህ ደረጃ ናቸው። ሁለተኛው ደንብ ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ሦስተኛው መመሪያ ነው፤ አዋጁና ደንቡ በሰጡት ሥልጣን መሠረት አንድ ሚኒስቴር ወይም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ዝርዝር ነው። ተራ አንባቢ ብዙ ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በአዋጁ ላይ ቢሆንም፣ አንድ ከረጢት የተከለከለ ነው ወይስ የተፈቀደ፣ መለኪያው ምንድን ነው፣ ማን ይለካዋል የሚሉት ጥያቄዎች የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ በመመሪያው ውስጥ ነው።

ለሥነ ምህዳር ባለሙያም ሰፊው በር ያለው እዚሁ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች ረቂቅ መመሪያቸውን ለሕዝብ ይፋ አድርገው አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ረቂቅ አዋጅም ለምክር ቤቱ ከቀረበ በኋላ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴውም ባለድርሻዎችን ጠርቶ ሊያነጋግር ይችላል። በሁለቱም ጊዜ የሚፈለገው «ፕላስቲክ ጎጂ ነው» የሚል አጠቃላይ ንግግር ሳይሆን፣ «በአንቀጽ ይህን ያህል ላይ ያለው ትርጓሜ ይህን ዓይነት ከረጢት ያስቀራል፤ ስለዚህ በዚህ ቃል ይተካ» የሚል የተቆረጠ ሐሳብ ነው።

የ0.03 ሚሊሜትር ነገር

ልኩ ሳይወሰድ የተቆረጠ እውቀት ምን እንደሚሆን የፌስታል ሕግ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ስስ ፌስታል በቀላሉ ይቀደዳል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ደግሞ ለመጠቀምም ሆነ ለቀሞ ለመሸጥ አይመችም፤ ወፍራሙ ግን ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያገለግላል፣ ለቆራሌውም ክብደት አለው።

ችግሩ ቁጥሩ በሱቅ ደጃፍ ላይ የሚታይ አለመሆኑ ነው። በ0.03 እና በ0.025 ሚሊሜትር ውፍረት መካከል ያለውን ልዩነት ጣት አይለየውም፤ ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ መቶ ንብርብር ተደራርቦ ቢለካ እንኳ የአንዱ ቁልል 3፣ የሌላው 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያ ላይ በጥቅል የተቆለለ ፌስታል ያየ ተቆጣጣሪ፣ ማይክሮሜትር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ካልያዘ በቀር ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ ሊለይ አይችልም። በዚያ ላይ ክልከላው ያነጣጠረው ፈቃድ ሰጪውን እንጂ ሻጩንና ተጠቃሚውን ስላልነበረ፣ ዕቃው አንዴ ገበያ ከገባ በኋላ የሚጠየቀው ሰው ማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ስስ ፌስታልም ከአዋጁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከጉሊት እስከ ጅምላ መጋዘን እንደልቡ ሲሸጥ ቆየ።

ሌሎች አገሮች የመረጡት መንገድ ከዚህ ይለያል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያም በ2017 የወሰዱት እርምጃ ከውፍረት ይልቅ በዐይን በሚታየው በከረጢቱ ዓይነት ላይ ያተኮረ ነበር፤ ተቆጣጣሪው የሚያስፈልገው መለኪያ ሳይሆን ዐይኑ ብቻ ነበር። በኢትዮጵያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታልን ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ጭምር ከልክሎ፣ በግለሰብ ላይ ሳይቀር ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ደነገገ። በሁለቱ አዋጆች መካከል አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ።

ይህ ማለት ቀላሉ ሕግ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ፌስታልን ተክተው በገበያ ከሚታዩት ከረጢቶች ውስጥ ጨርቅ የሚመስሉት ብዙዎቹ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠሩ ናቸው፤ ሲበጣጠሱ እነሱም ቦይ ይዘጋሉ። ባለሙያው እዚህ ላይ ለውሳኔ ሰጪው ሊያቀርብለት የሚገባው አንድ ትእዛዝ ሳይሆን ከነዋጋቸው የተዘረዘሩ አማራጮችን ነው፦ ውፍረትን መለካት ለአካባቢው ይበልጥ የተመጠነ ቢሆንም መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፤ ዓይነቱን መከልከል ለቁጥጥር ይቀላል፣ ነገር ግን ተተኪው ዕቃ ምን እንደሆነ በትርጓሜው ውስጥ ካልተገለጸ ችግሩ መልኩን ቀይሮ ይመለሳል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የሹሙ ሥራ ነው፤ ሁለቱም የሚያስከትሉትን ሳይሸፍኑ ማሳየት ደግሞ የባለሙያው ነው።

ውሳኔ የራሱ ወቅት አለው

በትክክለኛው ልክ የተቆረጠ ሐሳብም ቢሆን ሰዓቱን ከሳተ ይባክናል። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጆን ኪንግደን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ጉዳይ በመንግሥት አጀንዳ ውስጥ የሚገባው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ መሆኑን አስረድቷል፦ ችግሩ በሕዝብ ዐይን ሲታይ፣ ተዘጋጅቶ የቆየ መፍትሔ በእጅ ሲኖርና የፖለቲካው አየር ሲመች። ሦስቱ የሚገጣጠሙበት ጊዜ አጭር ነው፤ መፍትሔውን ማዘጋጀት የሚጀምረው ያን ቀን ከሆነ ሰዓቱ አልፎበታል።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን የሚያውቀው በሐዘን ነው። ከመርካቶ ጭምር የሚወጣው የከተማዋ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረበት የረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው ቦታ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ክምሩ አደገኛ መሆኑ በዚያ ቀን የተገኘ እውቀት አልነበረም፤ የተለወጠው የሚመለከተው ሰው ሁሉ ወደዚያ ማየቱ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አስቀድሞ የተሰላ አማራጭ ያለው ባለሙያ ይሰማል፤ ባዶ እጁን የመጣው ግን ሐዘኑን ከመግለጽ ያለፈ የሚሰጠው ነገር አይኖረውም።

ይሁን እንጂ ሁሉም በር በአደጋ ብቻ አይከፈትም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የበጀት ዓመቱም በሐምሌ 1 ይጀምራል። ክረምቱ ደግሞ በሰኔ ይገባል። ስለዚህ የመርካቶ ቦዮች በጎርፍ ስለመዘጋታቸው በነሐሴ የሚቀርብ ጥናት ሹሙ ችግሩን በዐይኑ እያየ፣ ግን ለመፍትሔው የሚሆን ገንዘብ ሌላ ቦታ ተመድቦ ባለቀበት ጊዜ ይደርሳል። ያው ጥናት መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ በሚያረቁበት በበጋው ወራት ቢቀርብ ኖሮ በበጀት መስመር ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ጎርፉ በነሐሴ ይጠናል፣ ሐሳቡ ግን በጥርና በየካቲት ይቀርባል።

ያልተጠየቀው ጎረቤት

ውሳኔ ሰጪ የሚባለው ማኅተም ያለው ሰው ብቻ ከመሰለ ስሌቱ ይሳሳታል። ቆሼን ለመተካት በኦሮሚያ ክልል በሰንዳፋ የተሠራው ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት ከጥቂት ወራት በኋላ ተቋርጦ የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ቆሼ ተመለሰ። የቆሼው አደጋ የደረሰው ከዚህ በኋላ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው። ቦታን በአፈሩ፣ በከርሰ ምድር ውኃውና በርቀቱ መዝኖ መምረጥ ቴክኒካዊ ሥራ ነው፤ ከብቱን በዚያ የሚያሰማራ፣ ከዚያው ምንጭ የሚጠጣ ገበሬ ግን የወረቀት ሥልጣን ባይኖረውም ውሳኔውን የማስቆም አቅም አለው።

በመርካቶም ይኸው ይሠራል። ፌስታል ሲከለከል ችግሩ የሚነካው በጥቅል የሚሸጠውን ነጋዴ ብቻ ሳይሆን፣ ባዶ ሃይላንድና ላስቲክ ለቅሞ በምናለሽ ተራ በኪሎ የሚሸጠውን ሰው ጭምር ነው። የትኛው ላስቲክ ተለቅሞ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ደግሞ ማንም ሳያነሣው ቦይ ውስጥ እንደሚቀር ከማንም በላይ የሚያውቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከዚህ ሰው ጋር የሚያደርገው ንግግር ለተቃውሞ መከላከያ ብቻ ሳይሆን ለጥናቱም ጥራት ይጠቅማል።

እርግጠኛ ያልሆነውን መናገር

የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ወደ ሹሞች ለመቅረብ ከሚያመነቱባቸው ምክንያቶች ትልቁ፣ ሳይንስ ሙሉ እርግጠኝነት የማይሰጥ መሆኑ ነው። በዚህ ረገድ በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የሚጠቀስ አርአያ ትተው አልፈዋል። በዌልስ አገር በባንጎር በዕፀዋት ሥነ ምህዳር የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተከታተሉት እኚህ ምሁር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩና የአሥመራ ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት ከመሩ በኋላ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊ ነበሩ። በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ዓለም የዘር ምሕንድስና የተደረገባቸው ዘሮችና ሕያዋን ከአገር ወደ አገር እንዴት ይዘዋወሩ በሚለው ጉዳይ ሲከራከር፣ የአፍሪካንና የብዙ ታዳጊ አገሮችን ተደራዳሪዎች መርተዋል።

በዚያ ክርክር ውስጥ እነዚህ ዘሮች ለአካባቢ ጎጂ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ጥያቄ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሊቋጭ የሚችል አልነበረም። እሳቸውና አጋሮቻቸው ትኩረታቸውን በሌላ፣ ተደራዳሪዎች ሊመልሱት በሚችሉት ጥያቄ ላይ አደረጉ፦ እርግጠኛ መረጃ በሌለበት ጊዜ የመወሰን መብት የማን ነው? በኮሎምቢያዋ ካርታኼና ያለ ስምምነት የተበተነው ድርድር በጥር 1992 ዓ.ም. በሞንትሪያል ሲቋጭ፣ የካርታኼና ፕሮቶኮል ተቀባዩ አገር አስቀድሞ እንዲነገረውና ፈቃዱን እንዲሰጥ፣ የሳይንስ እርግጠኝነት አለመኖሩም ጥንቃቄ ከመውሰድ እንዳያግደው ደነገገ። የጥንቃቄ መርሕ የሚባለው ይህ ነው። ኢትዮጵያም በ2001 ዓ.ም. የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655ን አወጣች፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሕጉ ለምርምር ሰፋ ያለ በር እንዲኖረው ተደርጎ ተሻሻለ። አንድ ጊዜ የተገኘ ውሳኔ ለዘላለም የተገኘ እንዳልሆነም ይህ ማሻሻያ ያሳያል።

ሹም ሲነሣ የሚቀረው

ሹመት ይለዋወጣል፤ ጥናቱን የተረዳው ኃላፊ ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ በግለሰቦች ትውውቅ ላይ ብቻ የቆመ ግንኙነት በአንድ ደብዳቤ ይበጠሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማ አስተዳደሩ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሌላ መንገድ ያመለክታል፤ በእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ ሰፊ ቦታ የዕፀዋት ምሁራንን እውቀትና የከተማውን ሥልጣን በአንድ ተቋም ውስጥ ስላስቀመጠ፣ የምሁሩና የሹሙ ንግግር በየጊዜው ከዜሮ አይጀምርም።

ተቋማዊ ግንኙነት በተለይ የሚፈተነው ውሳኔው ከወጣ በኋላ ነው። አዋጅ በጸደቀ ማግስት የባለሙያው ሥራ የተጠናቀቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የ1999ኙ አዋጅ እንዳሳየው፣ ውሳኔው በሱቅ ደጃፍ ላይ ምን እንዳመጣ የሚለካ ሰው ከሌለ ስሕተቱን ለማረም ዓመታት ይፈጃል። ልኬቱ ደግሞ ወደ ኋላ አይሠራም። ፌስታል ከመከልከሉ በፊት በቦዩ ውስጥ ምን ያህል ፌስታል እንደነበረ ካልተቆጠረ፣ ከክልከላው በኋላ የሚደረገው ቆጠራ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ሕጉ ሠርቷል ወይም አልሠራም ብሎ ለመናገር አያስችልም። ስለዚህ ውሳኔን ለማገዝ የሚፈልግ ባለሙያ የመጀመሪያውን ቆጠራ ረቂቁ ገና በውይይት ላይ ሳለ መጀመር አለበት፤ ቆጠራው በየዓመቱ ተመሳሳይ ሆኖ እንዲቀጥል የሚደረገው እንዴት እንደሆነም በሚቀጥለው ምዕራፍ በዝርዝር ይታያል።